ቀለሙ ይቆይ፣ ፍሬኑ ይቅደም

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። አባት ወይም አያት ትቶት ስላለፈ፣ ግቢ ጥግ ቆርቆሮ ስር ስለቆመ የድሮ የአሜሪካ መኪና። አራቱን መርጫለሁ። የመኪና ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ያልኩት ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ ነው።

ከደብረ ማርቆስ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ግቢያችን ውስጥ 1965 ዶጅ ዳርት ትቶልናል። ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ማርሹ መሪው ላይ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። ወንድሜ አዲስ ባትሪ ገዝቶ እንሞክረው እያለ ነው። የሰፈራችን ቀለም ቀቢ ደግሞ መጀመሪያ ቦዲው ተሠርቶ ይቀባ፣ ሌላው ይደርሳል ብሎናል። እኔ ሁለቱንም ፈራሁ። ከየት እንጀምር?»

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። መፍራትሽ ልክ ነው። ወንድምሽ ባትሪውን ያስቀምጠው፣ ቀለም ቀቢውንም ለጊዜው አመስግናችሁ ሸኙት።

ይህን ያህል ዓመት የቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ አልቋል። የፒስተኑ ፋሻ፣ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ቁልፍ አዙራችሁ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ኃይል ብታስገድዱት ፋሻው ይሰበራል፣ ወይም ሲሊንደሩን ይጭረዋል፣ ያኔ በጥቂት ዘይትና በትዕግሥት ይድን የነበረው ሞተር ወርዶ ሬቲፊካ ቤት፣ ሞተር ተፍቆ የሚታደስበት፣ ይገባል።

ኮፈኑን ስትከፍቱ ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፣ ወድቆ አይደለም። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ብለው 30 ዲግሪ አጋድመው የሠሩት ነው። አሜሪካኖቹ ስላንት ሲክስ ይሉታል። ከዘመኑ ሞተሮች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፣ ብዙ ነገር ይችላል።

መጀመሪያ የአየር ማጽጃውን ክዳን አንሱ። አንድ ዳርት ላይ ከዚያ ውስጥ እፍኝ ሙሉ የጤፍ ጭድ አውጥቻለሁ፣ አይጥ ጎጆ ሠርታበት፣ በጭዱ መሃል የሽቦ ልባስ ቁርጥራጭ ነበረበት። ልባስ ካያችሁ የተላጠ ሽቦ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። እሱን ሳታገኙ ባትሪ እንዳታስሩ፣ አደራ፣ መኪናው ቆሞ ነው የሚቃጠለው።

ቀጥሎ ስድስቱንም ካንዴላ ፍቱ። በየቀዳዳው ሁለት ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምሩና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና መኪናውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ሞተሩ ከዞረ ከቀዳዳው ዘይት ይተፋል፣ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። እምቢ ካለ በሌላ መኪና እንዳትጎትቱት። ዘይት ጨምራችሁ ሌላ ሳምንት ጠብቁ። እኔ ሦስት ሳምንት የጠበቅኩበት አለ፣ አንድ ጠዋት እንደ ቅቤ ዞረ።

የድሮውን ቤንዚን ቅዱት። ሽታው ራሱ ይነግራችኋል፣ ቤንዚን መሆኑ ቀርቶ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጡ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ለመጀመሪያው ሙከራ ቤንዚኑን ከትንሽ ንጹሕ ጀሪካን ወደ ቤንዚን ፖምፓው በአዲስ የጎማ ቱቦ አምጡት። የሞተር ዘይቱንም ከነፊልትሮው ቀይሩ፣ 4.7 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የፑንቲናው፣ ለካንዴላው እሳት የሚያስነሳው ነጥብ፣ ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፣ የካንዴላው 0.9። ቫልቮቹ በእጅ የሚስተካከሉ ናቸው። ሞተሩ ሞቆ እያለ ማስገቢያው 0.25፣ ማስወጫው 0.50 ሚሊ ሜትር። ይህ ሞተር ጤነኛ ሆኖም ትንሽ ቲክ ቲክ ይላል። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ቫልቩን የሚያጠብቅ መካኒክ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፣ ማስወጫው ቫልቭ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሞተሩ ተነሳ ብላችሁ ከግቢ እንዳትወጡ።

የ1965 ዳርት ፍሬን አንድ መስመር ነው። አራቱም ጎማ ከአንድ ፖምፓ፣ ከአንድ ዘይት ነው የሚጠጣው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋል። የፊትና የኋላው ተለይቶ ሁለት መስመር የሆነው ከ1967 ሞዴሎች ወዲህ ነው። ይህን ያወቅኩት በንባብ አይደለም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ እየወረድኩ፣ ገና ግማሽ ሳልደርስ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ምንም የለም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳብኩ እየለቀቅኩ፣ በስተመጨረሻ በተራራው ጎን ባለው ቦይ ጎማዬን አስገብቼ ቆምኩ። ከኋላ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ነበሩ። ታንቡሮውን፣ ፍሬኑ የሚይዝበትን ከበሮ፣ ስንፈታ ያገኘነው ስፋቷ ከሃምሳ ሳንቲም የማትበልጥ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የምትይዝ የጎማ ማሸጊያ፣ ተቀድዳ ነው። ያችን መኪና ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብዬ አሳምሬ ቀለም አስቀብቻት ነበር። እስከ ዛሬ ቀለም መጨረሻ የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የአራቱም ጎማ ጎሚኒ፣ የፖምፓው ጎሚኒ፣ ሦስቱ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች፣ ሁለቱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ደህና ቢመስሉም ይቀየሩ። ቱቦው ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን አላሳልፍ ይላል። የብረቱን መስመር በጣታችሁ እያሻሻችሁ ተከተሉት፣ ዝገት ያበጠበት ቦታ ካለ እሱም ይውጣ። የሚጨመረው ዶት 3 የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ሲቸግር የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው አለ። ጎሚኒው እንዳለ ያብጣል፣ ሥራችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ዕቃውን ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ብታጡት ተስፋ እንዳትቆርጡ፣ ለነዚህ መኪኖች ዛሬም አሜሪካ ውስጥ አዲስ ዕቃ ይሠራል። ጎሚኒና ቱቦ በሻንጣ ጥግ ይገባል፣ የሚመጣ ዘመድ ካለ ይበቃል። የሻንሲ ቁጥሩ የሾፌሩ በር የሚታጠፍበት ምሰሶ ላይ ያለች ትንሽ ሳህን ላይ ነው፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪ። አሮጌውንም ዕቃ አዲሱ እስኪገባ እንዳትጥዪ።

ቦዲው? ካቻቪቴ ይዘሽ ከበሩ በታች ያለውን ላሜራ ወጋ ወጋ አድርጊ። የማርቆስ ክረምት ጭቃ እዚያ ነው የሚከማቸው። ከገባ ላሜራው ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል። በስቱኮ ደፍኖ የሚቀባ ሰው ዝገቱን አልጋ አንጥፎ ነው የሚያስተኛው፣ በሚቀጥለው ክረምት ቀለሙን አሳብጦ ይወጣል።

ከፍኖተ ሰላም

«1964 ፕሊማውዝ ቫሊያንት አለኝ። ጎማ ላስቀይር ሄጄ ጎሚስታው በግራ በኩል ሦስት ብሎን ሰበረብኝ። ዝጓል አለኝ። የቀኙ ግን በቀላሉ ተፈታ። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ አልዛገም። በተቃራኒ አቅጣጫ አስፈትተኸው ነው። ክራይስለር ኩባንያ የሠራቸው መኪኖች፣ ፕሊማውዝም ዶጅም፣ እስከ 1970 ድረስ የግራ ጎማቸው ዳዶ ጥርሱ ግልብጥ ነው። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር ዳዶው እንዳይላላ ብለው ነው። ሲፈታ ወደ ቀኝ፣ ሲጠብቅ ወደ ግራ። የብሎኑን አናት በጨርቅ ጠርገህ እየው፣ «ኤል» የምትባለው የላቲን ፊደል ተቀርጻበታለች። ጎሚስታው ባያውቅ አይፈረድበትም፣ ስትሄድ ግን አንተ ንገረው፣ ወይም ቀይ ቀለም ቀባበት።

የተሰበሩት ከታንቡሮው ውስጥ በፕሬስ ወጥተው አዲስ ይገባሉ። ሦስት ሰብሮ በቀሩት ሁለት እንዳትነዳ።

እግረ መንገዴን፣ ይህ መኪና በሙሉ ኢንች ነው። የኛ መካኒኮች ቁልፍ ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ የግማሽ ኢንች ዳዶ ላይ ገባ ብሎ ያታልላል፣ ትንሽ ይላላና ጠርዙን ይበላዋል። 19 ቁልፍ ለሦስት አራተኛ ኢንች ይሆናል፣ 8 ቁልፍም ለአምስት አስራ ስድስተኛ ይሆናል። ለቀረው የራስህን የኢንች ቁልፎች ግዛና መኪናው ውስጥ አስቀምጥ።

ከባሕር ዳር

«ጋሼ፣ 1966 ኢምፓላ ለሠርግ አከራያለሁ። ቪ8 ነው፣ አውቶማቲክ። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አባይን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ ሞተሩ ይጠፋል። ቀዩ የሙቀት መብራት አልበራም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስሞክረው ይነሳል። ቴርሞስታቱን መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል። ሠርግ ላይ ደግሞ ይሞቅብኛል።»

ሁለት የተለያየ በሽታ ነው።

ዳገቱ ላይ የሚያስቆምህ ቤንዚኑ ነው። ከበረሃው ሙቀት ተነስተህ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ፣ ኮፈኑ ስር እሳት ነው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚኑ ቶሎ ይፈላል። መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ፖምፓው እንፋሎት መሳብ ያቅተዋል። ሲቀዘቅዝ ይለቃል። እዚያው መንገድ ላይ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓውና ቱቦው ላይ ጠምጥም፣ ግማሽ ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ይሆናል። ዘላቂው መፍትሔ ግን የቤንዚን ቱቦውን ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው አርቆ ማሰር ነው፣ ማራቅ በማይቻልበት ቦታ ሙቀት የሚከላከል ልባስ ማልበስ።

ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ክዳን፣ መልሰህ ግጠም፣ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈተውን። ያለሱ ሞተሩ በጠዋቱ ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። ካንዴላህን ደግሞ ፈትተህ እይ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ካርቡሬተሩ ለባሕር ጠረፍ አየር እንደተስተካከለ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ቤንዚኑ ይበዛል። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ይግባለት።

ሠርጉ ላይ የሚያሞቀው ምን እንደሆነ ሳላይ ልገምት። አበባው። የራዲያተሩ ፊት በአበባና በሪባን ይሸፈናል፣ ከዚያ በእግር ፍጥነት በጡሩምባ አንድ ሰዓት። አየር በየት ይግባ? አበባውን ኮፈኑ ላይና በሮቹ ላይ አድርጉት፣ ፊቱ ክፍት ይሁን። የራዲያተሩን ክዳንም ቀይር፣ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለውን። ደጀን ከፍታ ላይ ባዶ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደህና ክዳን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ካለህ ግን ያለ ክዳን እንደመንዳት ነው።

ስትወርድ ደግሞ፣ ኢምፓላህ በአራቱም ጎማ ታንቡሮ ነው፣ ፍሬኑም እንደ ዳርቱ አንድ መስመር ነው። ታንቡሮ ሲግል መያዝ ይተዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ከላይ፣ ፍጥነትህን ቀንስና ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አድርገው፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ረገጥ አድርገህ ልቀቅ፣ እግርህን አስደግፈህ አትውረድ።

ከእንጅባራ

«የአባቴ 1963 ፎርድ ፋልከን ጭስ በዛበት። መካኒኬ ዕቃ የለውም፣ አውጥተን የቶዮታ ሞተር እንግጠምለት ይላል። ምን ትላለህ?»

ከመወሰንህ በፊት ጭሱን ተመልከት። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ አጭሶ የሚተው ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየራል። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻ ነው። ኮምፕሬሽኑን፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ አስለካ፣ ስድስቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ቁጥር ከሰጡ ለመጣል የሚያበቃ ምክንያት የለም። የፋልከን ስድስት ሲሊንደር ቀላል ሞተር ነው፣ ፋሻውና ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ክፍሎች መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ዛሬም ይገኛል። ጠንከር ያለ ሞተር ብትጭንበት የፊት ሞላውም መሪውም ፍሬኑም ለዚያ አልተሠሩም፣ ማርሹና ትራንስሚሽኑም ተከትለው ይቀየራሉ፣ ወጪው ከጥገናው ይበልጣል።

እንዲያም ሆኖ መቀየሩ ከተቆረጠ፣ የአባትህን ሞተር ለቆራሌው አትስጥ። የካንዴላ ቀዳዳዎቹን ዘይት አጠጣ፣ ካንዴላዎቹን መልስ፣ የካርቡሬተሩን አፍ በላስቲክ እሰር፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ በጣውላ ላይ አስቀምጥ። የእንጅባራን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ከላይ የሚለብሰው ሸራ ብቻ አይበቃውም፣ ጣራ ስር ይግባ። በስድስት ወር አንዴ በእጅህ አዙረው።