በረኪና ሲሸተኝ ልቤ ለምን ይደልቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። አረብ አገር ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሠሪዬ ስትናደድ በረኪና በሚሸት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትቆልፍብኝ ነበር። አሁን ጎረቤት ልብስ ሲያጥቡ በረኪና ከሸተተኝ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል። ቤተሰቦቼ መንፈስ ነው እያሉ ጸበል ይወስዱኛል። እያበድኩ ነው?

መልስ፦ አላበድሽም እህቴ።

የምናየውና የምንሰማው ነገር አንጎል ውስጥ መጀመሪያ ታላመስ በሚባል መናኸሪያ በኩል ያልፋል። ሽታ ግን እዚያ ወረፋ አይጠብቅም። ከአፍንጫሽ ጣሪያ ተነሥቶ፣ ከግንባርሽ ኋላ ባለችው የማሽተቻ ጉብታ አልፎ፣ በአቋራጭ አሚግዳላ ጋ ይደርሳል። አሚግዳላ በግራና በቀኝ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብላ የተቀመጠች፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል ናት። አንዱ ትልቅ ሥራዋ አደጋን መጠበቅ ነው። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አንዴ የደበደበውን ሰው ኮቴ እንደማይረሳ ሁሉ፣ እሷም የጎዳንን ነገር አትረሳም። ያኔ በሩ ሲቆለፍብሽ ፍርሃቱና የበረኪናው ሽታ አንድ ላይ ተመዘገቡ። ዛሬ ሽታው ብቻውን ሲመጣ በሩ እንደገና የተቆለፈ ይመስላታል።

ከዚያ ሃይፖታላመስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ትቀሰቅሳለች። ሃይፖታላመስ ክብደቱ 4 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ረሃብሽን፣ ጥማትሽን፣ የሰውነትሽን ሙቀት የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ትእዛዙን በሁለት መንገድ ይልካል። አንዱ በነርቭ ነው፤ ኩላሊት አናት ላይ ወደተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በሰከንዶች ይደርስና አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ደም ውስጥ ይለቀቃል። ልብሽ የሚደልቀው፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው። ሁለተኛው ዘገም ያለ ነው፤ አንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ በኩል ዞሮ ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ያስመነጫል፣ ኮርቲሶሉም ጣሪያ የሚነካው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ሽታው ከጠፋ በኋላም ቶሎ የማትረጋጊው አንድም ለዚህ ነው። የሚያመዛዝነው የአንጎልሽ ክፍል "ኧረ ጎረቤት ልብስ እያጠቡ ነው" እስኪል ድረስ ሰውነትሽ ሩጫ ጀምሯል። ስለዚህ "እዚህ ማን አለና ነው የምትፈሪው" ቢሉሽ ትክክል ናቸው፣ ግን አይጠቅምሽም።

ጸበሉን ተዪ አልልሽም፣ ሰላም ከሰጠሽ ሂጂ። ሕክምናውን ግን በእሱ አትተኪው።

መጀመሪያ የእንቅርት ዕጢሽና የደም መጠንሽ ይታይ፣ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። በረኪና ሲሸትሽ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካለሽ ደግሞ ሳንባሽም መታየት አለበት። (የጽዳት ሥራ ለሚሠሩ እህቶች ሁሉ ንገሪልኝ፦ በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከተቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።)

ሲነሣብሽ ቁጭ በዪ። እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ረጅሙ አወጣጥ የልብን ምት ያቀዘቅዛል። ጤና አዳም ቅጠል አሽተሽ አሽትቺ፣ ወይም ከልጅነትሽ ደግ ነገር የሚያስታውስሽን ሌላ ሽታ፤ ያም በዚያው አቋራጭ ነው የሚገባው። የት እንዳለሽና ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ድምፅ አውጥተሽ ተናገሪ።

ግን ሁልጊዜ ከሽታው ብትሸሺ ፍርሃቱ ባለበት ይቆያል። አሚግዳላ የድሮውን አትፍቀውም፣ አዲስ ነገር ግን ትማራለች። ሕክምናው የሚሠራው በዚህ ነው። ባለሙያ አጠገብሽ ሆኖ፣ ዛሬ የተከደነ ጠርሙስ ከክፍሉ ማዶ፣ ሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ ብሎ፣ ሌላ ቀን ክዳኑ ተከፍቶ። ብቻሽን ግን አትሞክሪው። አንዳንዴ መድኃኒትም ይታዘዛል። ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ፣ ከሰው መሸሽ ካለሽ፣ ከከባድ ጉዳት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው በአካል ያየሽ ሐኪም ነው። አማኑኤል ሆስፒታል "የእብድ ነው" የሚሉትን አትስሚ፣ እንዳንቺ ያለ ጭንቀትም እዚያ ይታከማል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሰው ይዘሽ ሂጂ።

ስትሄጂ የመታጠቢያ ቤቱን ነገር ለሐኪሙ ንገሪው። ያሳፍራል ብለሽ "ልቤ ይመታል" ብቻ ካልሽ፣ ሐኪሙ ልብሽን አይቶ "ደህና ነሽ" ብሎ ይሸኝሻል።