እኔም ሳቅሁ

ለአምዱ አዘጋጅ፣

ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ፋሺዝም ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ተራው ጣሊያናዊ ነገሩ መክፋቱ የገባው መቼ ነው?» መጽሐፉ ላይ ያለውን ብዬ አለፍኳት።

ያለፍኳት እሑድ ስለከነከነኝ ነው። እድር ላይ ነበርን። ከሌላ አካባቢ መጥቶ ሰፈራችን ሱቅ የከፈተ ጎረቤት አለን። አንድ ሽማግሌ ስሙን ትተው «ይኼ መዥገርም መጣ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው የያዘውን ጠላ ሳይቀምስ መሬት አስቀመጠና ጫማውን እያየ ቆየ። ባለቤቴ «ቀልድ ነው፣ ምን ታካብዳለህ» ትላለች። አካብጄ ይሆን?

የታሪክ መምህሩ

መምህር፣

አንድ የእድር ቀልድ ፋሺዝም አይባልም። እዚህ ላይ ባለቤትዎ እውነት አላቸው። እርስዎን የከነከነዎት ግን በከንቱ አይደለም።

ጣሊያን ውስጥ ብዙው ሰው «ዛሬ ገባኝ» የሚልበት ቀን አልነበረውም። ሙሶሊኒ በ1922 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ፓርላማውም ጋዜጣውም እንዳለ ነበር። በ1924 ተቃዋሚው ማቴዎቲ ተገደለ። አገሩ ተንጫጫ፣ ከዚያ ዝም አለ። በ1926 ሌሎቹ ፓርቲዎች ታገዱ። ዳቦ ቤቱ ግን ጠዋት ጠዋት ይከፈታል።

እርስዎን የሚነካው የ1931ዱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ለአገዛዙ ታማኝነት ማሉ ተባሉ። ከ1,200 በላይ ነበሩ፤ እምቢ ያሉት ደርዘን ያህል ናቸው። የቀሩት ሁሉ ክፉ ስለነበሩ አይመስለኝም። ልጅ አለ፣ ደሞዝ አለ፣ «እኔ ብለቅ የባሰው ይገባበታል» የሚባልም አለ። (እኔስ ብሆን? እምቢ እል ነበር ብዬ አልምልም።) በ1938 አይሁድ መምህራን ሲባረሩ ባዶው ወንበር ሰው አላጣም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የዘር ሕግ ደግሞ እኛኑ የሚመለከት ነበር፤ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ሮም ለሚኖረው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው።

አሁን ሱቁ ይሂዱ። ስኳርም ይሁን ክብሪት ይግዙ። «እሑድ እኔም ስቄ ነበር፣ አጥፍቻለሁ» ይበሉት። ሽማግሌውን ሰው ፊት አይጋፏቸው፤ አኩርፈው ቃሉን አጥብቀው ይይዙታል። ወደ ቤት ሲሸኟቸው ለብቻቸው ይንገሯቸው። በሚቀጥለው እድር ሰውየውን አጠገብዎ ያስቀምጡት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በስሙ ይጥሩት።

ተማሪዋንም አይርሷት። መልሱን ከእሑዱ ይጀምሩላት።