ልጄን «ደንቆሮ» አልኩት፤ ንስሐ ገብቼም ያው ነኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቤተክርስቲያን አላቋርጥም፣ እጸልያለሁም። ግን ማታ ቤት ስገባ አፌን መቆጣጠር ያቅተኛል። ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመት ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራውን ደጋግሞ ሲሳሳት «አንተ ደንቆሮ፣ እንደ አባትህ ምንም አይገባህም» አልኩት። አባቱ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ ደብተሩን ይደብቀኛል። ፈጣሪዬን ይቅር በለኝ ብዬ አልቅሻለሁ፣ በማግስቱ ግን ያው ነኝ። ደግሞስ ጳውሎስ «ተቆጡ» ብሎ የለ? ቁጣ ራሱ ኃጢአት ነው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የጳውሎስን ነገር እንጨርስ። ኤፌሶን 4፥26 «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ነው የሚለው። መቆጣት ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ትንሽ ወረድ ስትዪ ግን 4፥29 ላይ «ክፉ ቃል ከአፋችሁ ከቶ አይውጣ» ይላል። ብዙዎቻችን «ተቆጡ» የምትለዋን ይዘን ይህቺን እንዘላታለን።

አሁን ወደ «ደንቆሮ» ልምጣ። ይህ ቃል ማቴዎስ 5፥22 ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ፍርዱም ከባድ ነው። እኔን ሁሌ የሚይዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። መባህን ይዘህ መሠዊያው ዘንድ ስትቀርብ ወንድምህ እንዳዘነብህ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። አንቺ መሠዊያው ዘንድ አልቅሰሻል፣ ልጁን ግን ምንም አላልሽውም። ቃሉ የገባው እኮ እሱ ጆሮ ውስጥ ነው።

እኛ ዘንድ ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፣ እንናቃለን ብለን እንፈራለን። አጉርሰን ወይ ከረሜላ ገዝተን ማለፍ ነው የለመድነው፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው፣ ግን አባቴ አንድ ማታ አልጋዬ ድረስ መጥቶ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ከዚያ ቀን በኋላም ይበልጥ አከበርኩት። ቆላስይስ 3፥21 ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ ይላል። ልጅሽ ደብተሩን መደበቁ ልቡ መዛሉ ነው።

ልጅሽን ይቅርታ ስትጠይቂው ቃሉን ራሱን ጥሪው። «ደንቆሮ ብዬሃለሁ፣ ትክክል አይደለም፣ ይቅር በለኝ» በይው። «ግን አንተም ብታጠና…» ብለሽ እንዳትጨምሪ፣ ሁሉንም ታፈርሺዋለሽ። ባልሽንም ልጁ እየሰማ ይቅርታ ጠይቂው፤ የተሰደበው ልጁ ፊት ነዋ።

በማግስቱ ያው ነኝ ላልሽው፣ ቀኑን ሙሉ ዘይትና ጭስ ላይ ቆመሽ፣ ርቦሽ እንደገባሽ ደብተር አትክፈቺ። እህል ቅመሺ፣ እግርሽን ታጠቢ። ቁጣው ሲመጣብሽ ተነስተሽ ደጅ ውጪና ዳዊት የጸለያትን በያት፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር»። አጭር ናት፣ በንዴት መሃል አትጠፋሽም። አንዳንድ ቀን ያመልጥሻል። ያመለጠሽ ቀን ያኑ ማታ ተመለሺና ይቅርታ ጠይቂ።

ደግሞ እሁድን አትጠብቂ። ዛሬ ቀደም ብለሽ ዝጊ፣ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ሳትገባ ቤት ድረሺና ልጁን አጠገብሽ አስቀምጪው። ሒሳቡ ለነገ ይደር።