ቴርሞስታቱን ይተዉት፤ ሬዚስታንሱ ኖራ ለብሷል

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ባለ 50 ሊትር የመታጠቢያ ቤት ቦይለር እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ውሃ ለማሞቅ ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲግል ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ቀዝቃዛው ውሃ ደህና ሲመጣ ሙቁ እየቀጠነ ሄዷል። የተጠራው ሠራተኛ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ሁለት ጊዜ ቀይሮ፣ «ያንጠባጥባል» ብሎ የሴፍቲ ቫልቩን ቀዳዳ በቡሎን ወትፎ ሄዷል።

ከሁሉ በፊት ያ ቡሎን ይውጣ። እስኪወጣ ድረስ ቦይለሩን አያብሩ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቫልቩ የሚያንጠባጥበው ይህን ትርፍ ነው። ሥራውን እየሠራ ያለ ቫልቭ የሚወትፍ ሰው ለምን መፍቻ እንደሚይዝ አይገባኝም።

ድሬዳዋ የሚለውን ሳነብ ኖራ ጠረጠርሁ፤ መንተክተኩ ደግሞ ጥርጣሬዬን አጸናው። የከተማው ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፤ ዙሪያዋን ያሉት ተራሮች ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካው የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ አላቸው። ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በስሱ አሲድ ይሆናል፤ ድንጋዩንም እያሟሟ ይወርዳል። ከቧንቧ ሲቀዱት ጥርት ያለ የሚመስለው ውሃ ድንጋይ ይዟል ማለት ነው። ድንጋዩን አሟሙቶ ያቆየው ያ ጋዝ ነው። ውሃው ሲሞቅ ጋዙ ይወጣል፤ ድንጋዩም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በቦይለር ውስጥ ከሁሉ የሚግለው ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ፣ የሬዚስታንሱ ገላ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጋገረው እዚያ ላይ ነው። በቅርፊቱ ሥር የታፈነው ውሃ ሲፈላ ያንን ድምፅ ይሰጣል። ሬዚስታንሱ ሙቀቱን ለውሃው ማድረስ ስለሚያቅተው የራሱን ቆዳ ያቃጥላል፤ ቆዳው ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባና ብሬከሩ ይወርዳል። የቀዝቃዛው መስመር ደህና ሆኖ የሙቁ የጠበበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቴርሞስታት በዚህ ሁሉ ምንም እጅ የለበትም።

አሁን ወደ ሥራው። ብሬከሩን ያውርዱና ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዘግተው፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው ውሃውን ያፍስሱ። ሁለቱን ሽቦዎች ከሬዚስታንሱ ይንቀሉ። የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ሽቦው በሚታሰርበት የሬዚስታንሱ መያዣ፣ ሌላውን በብረቱ አካል ላይ ያድርጉ፤ ማንኛውንም ንባብ ካሳየ ሬዚስታንሱ ሞቷል፣ ማጠብ አያድነውም። በሁለቱ መያዣዎች መካከል ግን ባለ 1500 ዋቱ ወደ 32 ኦም ማንበብ አለበት። እንደ ምልክቱ ከሆነ የእርስዎ መቀየሩ አይቀርም።

ሲገዙ ክብደቱን በእጅዎ ይሞክሩት። ሱቁን የሞላው ርካሹ ሬዚስታንስ ቆዳው ስስ ነው፤ በድሬዳዋ ውሃ ብዙ አይቆይም። ጎሚኒውንም (የጎማ ማሸጊያውን) አብረው ይቀይሩ። ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዝየም ዘንግ ተበልቶ ሽቦው ብቻ ከቀረ አዲስ ያስገቡ፤ አንዳንዱ ርካሽ ቦይለር ጭራሽ ዘንግ የለውም።

ከጋኑ ሥር የተከመረውን ቅርፊት በእጅ ይዛቁ፤ በካቻቢቴ አይውጉት፣ የውስጡ ሽፋን ይላጣል። የሙቁን መውጫና የሻወሩን ራስ በአቼቶ ወይም በሲትሪክ አሲድ ዘፍዝፈው ያሳድሩ። ከበረኪና ጋር ግን እንዳይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሲገጥሙ መጀመሪያ ውሃውን ይሙሉ። ከሙቁ ቧንቧ አየር የሌለበት ውሃ ሲወርድ ብቻ ብሬከሩን ያንሡ፤ ባዶ ቦይለር ላይ ኤሌክትሪክ ከለቀቁ አዲሱ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቴርሞስታቱን 60 ላይ ያቁሙት፤ ከዚያ በላይ በጨመሩ ቁጥር ኖራው ይፈጥናል። በዓመት አንድ ጊዜ ከፍተው ይጥረጉት። ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ ካዩ ቀጭን ቱቦ ቀጥለው ወደ መውረጃው ይምሩት፤ የቱቦውን ጫፍም እንዳይዘጉት።