መልስ፦ ብስኩቱ ላይ የተጻፈው 8 ግራም ስኳር የፓኬቱ በሙሉ ነው?

አይደለም፣ የ30 ግራሙ ብቻ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለው የይዘት ሰንጠረዥ አናቱ ላይ «በ30 ግራም» ይላል ብለሻል፤ ፓኬቱ ደግሞ 90 ግራም ነው። እናትሽ ከጨረሱት 24 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር በሉ ማለት ነው።

እናትሽ የስኳር በሽታ ስላለባቸው «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለውንም እዪ፤ ዱቄቱም ሆድ ገብቶ ስኳር ነው የሚሆነው። ሁለት ብስኩት ስታወዳድሪ «በ100 ግራም» በሚለው ስር ያለውን ቁጥር ተመልከቺ።

ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ግን አትመኚ። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ካለ ሱቅ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል ጭማቂ ለአባቴ ገዛሁ። የዋጋው ወረቀት ልክ ሰንጠረዡ ላይ ተለጥፏል። ቤት ገብቼ በጥፍሬ ስልጠው በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር! ከፍሬው የመጣ ነው፤ ለአባቴ ግን ያው ስኳር ነው።