ስለ ጥይትና ቀለህ የጠየቃችሁኝ

ከድሬም ከሐረርም የመጡትን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ዋይልድካት የሚባለው ጥይት ምንድን ነው? (ከዚራ)
ፋብሪካ የማያመርተው ጥይት ነው። ባለሙያው የታወቀ ቀለህ ወስዶ አንገቱን ያጠበዋል ወይም ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሌላ እርሳስ ይገጥምለታል። ሰው ከወደደው ፋብሪካም ይወስደዋል። .22-250 የሚባለው ጥይት ለብዙ ዓመት የግለሰቦች ሥራ ሆኖ ቆይቶ ነው የአሜሪካው ፋብሪካ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1965 ማምረት የጀመረው።

ውጅግራና ለቤል ይዛመዳሉ የሚሉት እውነት ነው? (ጁገል)
እውነት ነው፣ እኔም በጣም የምወደው ታሪክ ይሄ ነው። ሁለቱም የፈረንሳይ ጠመንጃዎች ናቸው። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥራ ነው፣ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር። ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ ሲያገኙ ተጣደፉና የዚያኑ የውጅግራ ቀለህ አንገት ወደ 8 ሚሊ አጠበቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ለቤል ወጣ። ቀለሁ ግን ቂጡ ሰፊ፣ ከንፈር ያለው፣ ወደ ላይ ሲሄድ የሚሾል ሆኖ ቀረ። በእጅ እየሳቡ ለሚተኩሱት ችግር የለውም። በራሱ የሚጎርስ መሣሪያ ሲሠሩ ነው ጣጣው የመጣው። አቦ፣ እነዚህን ጥይቶች ጎን ለጎን ደርድሯቸው፤ ጫፋቸው ይጠጋጋል፣ ረድፉም ይቆለመማል። የለቤልን ጥይት የሚተኩሰው የፈረንሳዮች የሾሻ መትረየስ ካርታ (ጥይት የሚደረደርበት መያዣ) ግማሽ ክብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኤአር-15 የሚባለውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በራሱ ምርጫ ሊያሠራ ነው። የትኛው ጥይት ይሻለዋል? (ሳቢያን)
ከፍጥነቱ በፊት ካርታውን ይይ። ጥይቱ ካርታው ውስጥ ካልገባ፣ ቂጡም ለመሣሪያው ካልተስማማ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ብሆን .300 ብላክአውትን እመርጣለሁ። ከ.223፣ ማለትም ከኤአር-15 የተለመደ ጥይት ቀለህ ነው የመጣው፣ ስለዚህ በርሜሉን ብቻ መቀየር ይበቃል። ሥሩ ዊስፐር የተባለው ዋይልድካት ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደረጃ ወጥቶለታል፣ ጥይቱም ሱቅ ይገኛል። እውነተኛ ዋይልድካት ከመረጠ ግን ቀለሁን ራሱ ሊሠራ ነው፤ ከፊል አውቶማቲክ ደግሞ ቀለህ አርቆ ይወረውራል፣ ሲተፋውም አንዳንዴ ይጨረምተዋል። የደከመበትን ቀለህ ከሣር ውስጥ ሲለቅም ሊውል ነው።

አንድ ነገር አደራ በለው፦ የብላክአውት ጥይት በስህተት .223 መሣሪያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከተተኮሰ መሣሪያው ይፈነዳል፣ ዓይንና እጅ ይወስዳል። ካርታዎቹን ለየብቻ ምልክት ያድርግባቸው።

እዚህ ድሬ ማሠራትስ ይቻላል?
አይቻልም። መሣሪያ ያለ ፈቃድ መሥራትም መጠገንም ክልክል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብብ።

ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ የሸጠው ውጅግራ ነበር? (ሐረር)
አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ ያደረሰው ጊዜው ያለፈበት፣ በካፕሱል የሚተኮስ ጠመንጃ ነው። ባሩዱና እርሳሱ ከአፈሙዙ ነበር የሚጎረሱት፤ የብረት ቀለህ አልነበረውም።