አራት ዘፈን በአንዲት ትንሽ ሸክላ? ቆዪ ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ሆናችሁ ብሪስቶል ውስጥ የፖስት-ፐንክ (ከፐንክ ሮክ የወጣ የሙዚቃ ስልት) ባንድ አላችሁ፣ ድራሙ ላይ አንቺ ነሽ፣ አራት ዘፈን ቀድታችኋል፣ ባለ ሰባት ኢንች ሸክላ 300 ኮፒ ማሳተም ፈልጋችኋል። “ምን ምን እንጠንቀቅ?” ነው ያልሽው። የዘፈኖቹን ርዝመት ግን አልጻፍሽም። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። እኛም ርዝመቱን ማንም ሳይጠይቀን፣ እኛም ሳንጠይቅ ነው ችግር ውስጥ የገባነው።

እኔ ያለሁት ሊድስ ነው፣ ቤዝ እጫወታለሁ። ስለ ቀረጻና ስለ ሚክስ አልነግርሽም፤ እዚህ ድረስ ከመጣችሁ እሱን ታውቁታላችሁ። በቀጥታ ገንዘብ ወደሚበላው ነገር ልግባ።

1ኛ. ደቂቃ ቁጠሪ። ሰባት ኢንች ሸክላ በደቂቃ 45 ዙር ሲሽከረከር በአንድ ገጽ አራት ደቂቃ፣ ቢበዛ አራት ተኩል ነው በደንብ የሚይዘው። በ33 ዙር ከሆነ ስድስት ደቂቃ አካባቢ። ከዚያ ካለፍሽ እምቢ አይልሽም፣ ይገባል። ግን መስመሮቹ ተጠጋግተው እንዲገቡ ቆራጩ (ድምፁን ወደ ሸክላ መስመር የሚቀርጸው ባለሙያ) ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚታረደው ቤዝ ነው። ቤዝ መርፌውን በሰፊው ስለሚያወዛውዘው ብዙ ቦታ ይበላል። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ደግሞ በአንድ ዙር የሚሄድበት መንገድ ያጥራል። ያኔ ሲምባሉም የዘፋኙ “ስ”ም መሻከር ይጀምራል። ይሄ በተለይ ላንቺ ነው፤ ሲምባል የሚበዛበትን ዘፈን የገጹ መጨረሻ ላይ አታድርጊው።

የእኛ አራት ዘፈን 17 ደቂቃ ነበር። በየገጹ ስምንት ተኩል!

የሚያሳፍረው ምን መሰለሽ? ልምምድ የምናደርግበት ክፍል ግድግዳ ላይ የጆይ ዲቪዥን፣ የድሮው የእንግሊዝ ፖስት-ፐንክ ባንድ፣ ፖስተር ተለጥፏል። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ራሳቸው ነው ያሳተሙት። አራት ዘፈን፣ ሰባት ኢንች፣ 12 ደቂቃ ተኩል ገደማ። ድምፁ ደካማ ሆኖ ወጣባቸውና በዚያው ዓመት በ12 ኢንች እንደገና አወጡት። ይሄን ታሪክ ጊታር ተጫዋቻችን በቃሉ ይተርክልሻል። ሰው ሲያወራው እርማትም ይሰጣል። ያም ሆኖ እነሱ በ12 ደቂቃ የተቃጠሉበት ላይ እኛ አምስት ደቂቃ ጨምረን ገባንበት።

“የፐንክ ባንዱ ባዝኮክስስ አላደረጉትም?” ትይኝ ይሆናል። አድርገዋል። “ስፓይራል ስክራች” የተባለው ባለ አራት ዘፈን ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በጥር 1977 የወጣው በራሳቸው ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) ነው፣ ከዘመድ ወዳጅ በተበደሩት 500 ፓውንድ ገደማ። በ1,000 ኮፒ ጀምረው በኋላ 16,000 ያህል ሸጠዋል። ግን አራቱም ዘፈን ተደምሮ አሥር ደቂቃ ነው። የኛ አገርንም እዪ። ሸክላ አሳታሚው ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ውጭ እያሳተመ ያወጣቸው ባለ 45ቶች አብዛኞቹ በየገጹ አንድ ዘፈን ናቸው። አባቴ ጥቂት ነበሩት። ስፒከሩ የጡጫ ያህል ነበር፣ ድምፁ ግን በር ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ማጫወቻው ጎበዝ ይመስለኝ ነበር።

2ኛ. “የራሳችን ዘፈን ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገንም” አትበሉ። ፋብሪካው ከማተሙ በፊት የዘፈኖቹን መብት ይጠይቃችኋል። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ከአራታችሁ አንዱ የኤምሲፒኤስ (ዘፈን ሲባዛ ለደራሲዎቹ ክፍያ የሚሰበስብ ድርጅት) አባል ከሆነ ነገሩ በፈቃድ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አሁኑኑ አራታችሁም ተጠያየቁ። የኛ ጊታሪስት ከዓመታት በፊት ከሠርግ ባንድ ጋር ሲዞር ተመዝግቦ ረስቶታል። ያስታወሰው ፋብሪካው ሲጽፍልን ነው። ሦስት ሳምንት በዚህ ሄደ። አይኤስአርሲ የሚባለው የእያንዳንዱ ቀረጻ መለያ ኮድ ግን አያስጨንቃችሁ፤ ፒፒኤል (የቀረጻ ባለመብቶች ድርጅት) ለአባላቱ በነፃ ይሰጣል።

3ኛ. ፋብሪካው ሁሉንም ከማተሙ በፊት እንድታጸድቁት የሚልከው የሙከራ ሸክላ ሲመጣ በጥሩ ማጫወቻ፣ ከሌላ ሰው ሸክላ ጋር እያነጻጸራችሁ ስሙት። ይሄን ለመማር የከፈልኩትን ልንገርሽ።

ገንዘቡ የዕቁቤ ነበር። ዕጣው ሲወጣልኝ ባለቤቴ ሶፋ እንቀይራለን ብላ ነበር። እኔ ለባንዱ አበደርኩ። እናቴን በስልክ “ሸክላ ላሠራ ነው” ስላት “እዚያ አገር ጀበና ጠፋ እንዴ?” አለችኝ። ምነው ጀበና ባደረግሁት!

ቆራጩ ሰውዬ ሐቀኛ ነበር፣ አልወቅሰውም። በኢሜይል “ገጾቹ ረዝመዋል፣ ድምፁ በጣም ዝቅ ይላል፣ ልቀጥል?” ብሎ ጻፈልን። ደብዳቤው ለአራታችንም ነው የመጣው። ድራመራችን አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ በስልኩ “እሺ” ብሎ መለሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ማታ ሳየው “ተመልሷል” ብዬ ዘጋሁት። ይቺ “እሺ” 1,400 ፓውንድ በላች።

አምስት የሙከራ ሸክላ መጣ። ዘፋኛችን ቤት ተሰብስበን በዚያች ሻንጣ በምትመስል፣ ስፒከሯ በውስጧ በሆነ ማጫወቻ አዳመጥነው። ቤዝ የለም። “ማጫወቻዋ ናት፣ በሷ የማንም ቤዝ አይሰማም” ተባባልን። እውነትም የማንም አይሰማም፣ ችግሩም እሱ ነው። አጸደቅነው።

ከዚያ መንገዱ። ፋብሪካው አውሮፓ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ከዚያ የሚገባ ዕቃ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚህ ይከፈላል። እኛ ሒሳባችን ውስጥ አላስገባነውም። አስተላላፊው ድርጅት “ካልከፈላችሁ ካርቶኖቹ አይንቀሳቀሱም” የሚል ደብዳቤ ላከ። ስልክ ደወልኩ፣ ሙዚቃ እያሰሙ 40 ደቂቃ አቆዩኝና ተቋረጠ። በአካል ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። “ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ተመለስ” አለኝ። ቁጥሩን የጻፉት እነሱ ናቸው! በሁለተኛው ቀን ስመጣ ወረቀቱን አገላብጦ “ሸክላ? ይሄን አሁንም የሚገዛ ሰው አለ?” ብሎ ሳቀ። ለማቆያ ደግሞ በየቀኑ ይቆጥራሉ። ታክሱን፣ የነሱን ክፍያና ማቆያውን ጨምሮ 310 ፓውንድ ከፍዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ካርቶኖቹ ዓርብ ማታ ገቡ። የምርቃቱ ዝግጅት ቅዳሜ ነው። ማንም አውጥቶ አልሰማም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽፋን ስናጥፍ አደርን። ሽፋኑ ላይ እንደ ስክሪቲ ፖሊቲ ባንድ ወጪያችንን በዝርዝር አትመን ነበር። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያ ሸክላቸው ሽፋን ላይ ምን በስንት እንደተሠራ ጽፈው ሌላው ሰው እንዲሞክር አበረታተዋል። ታክሱ ስላልተካተተ የኛው ዝርዝር ውሸት ሆኖ ቀረ። እሱንም በእስክሪብቶ ጨመርኩበት፣ 300 ጊዜ። ሽሮ ሠርቼ አበላኋቸው፣ ጠዋት ላይ ጣቴ ሙጫና በርበሬ ነበር።

ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ 80 ያህል ሰው አለ። ዲጄው ከኛ በፊት ጋንግ ኦፍ ፎር የተባለውን ባንድ አጫወተ፣ የዚሁ የሊድስ ልጆች። ወለሉ ይነዝራል። ቀጥሎ የኛን አስቀመጠ። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሰው እርስ በርሱ ሲያወራ በደንብ ይሰማል፣ ከጀርባ ደግሞ ትንኝ የምታህል ጊታር አለች። ዲጄው ድምፁን እስከ ጥግ ገፋው፣ የመጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው። የኔ ቤዝ? ሁለት ወር የለፋሁበት መስመር? የለም። ዘፋኛችን ወደኔ ዞሮ “ማጫወቻዋ አይደለችም ማለት ነው” አለኝ።

4ኛ... እንግዲህ ቁጥሩም ከእጄ ወጣ። ሁለተኛው ጊዜ የሠራነውን ልንገርሽና ላብቃ። ከአራቱ የተሻሉትን ሁለት ብቻ መረጥን፣ በየገጹ አንድ፣ በ45 ዙር። የቀሩትን ሁለት በኮድ አደረግን። ኮዱ ያለበት ካርድ ሽፋኑ ውስጥ ነው፣ ገዢው ያወርዳቸዋል። የትኛው ይቅር በሚለው ላይ ሦስት ሳምንት ተጣላን፣ ዘፋኛችን ለጥቂት ጥሎን ነበር። አራቱም ሸክላ ላይ ካልሆኑ ሞቼ እገኛለሁ ካላችሁ ደግሞ 12 ኢንች አድርጉት፣ በ45 ዙር በየገጹ አሥር ደቂቃ ያለ ጭንቀት ይይዛል። ይወደዳል፣ ፖስታውም ይወደዳል፣ ግን ይሰማል። ለኢሜይሉ ኃላፊ አንድ ሰው ብቻ ሰይሙ፣ እሱም አውቶቡስ ላይ አይመልስ። የምርቃት ቀን የምትቆርጡት ካርቶኑ ቤታችሁ ገብቶ ከሰማችሁት በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው 200 ኮፒ በአምስት መድረክ አለቀ። በዚያው መጠጥ ቤት፣ ያው ዲጄ ሲያጫውተው ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ብርጭቆዎች ሲንቀጠቀጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ሶፋውም ተገዝቷል፣ ዘግይቶ።

አሁን የአራቱን ዘፈን ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እንከፋፍለዋለን። የመጀመሪያው ሸክላችን 210 ኮፒ አልጋዬ ስር አለ። አድራሻሽን በውስጥ ላኪልኝና አንዱን በፖስታ እሰድልሻለሁ፤ ለባንድሽ አጫውቺላቸው፣ ቮልዩሙን ግን እስከ መጨረሻው ክፈቺው።